ከብት ይገፋል፣ ልጅ ይንጠላጠላል

ሮክሃምፕተን፣ ፌብሩዋሪ 3

ውድ ወንድሜ ክላሪ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? እኔ ከዳሌዬ በቀር ደህና ነኝ። ዳሌዬም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ገንዳው ውስጥ ስዋኝ ሕመሙን ይረሳዋል። ሙቀቱ ግን ጉድ ነው። ትናንት ቅቤው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ ቁርሴን ሳልጨርስ ዘይት ሆኖ ቀረ።

«አጥሩስ እንዴት ሆነ?» ብለሃል። መልሱን ወደ ደብዳቤው መጨረሻ ላቆየው አስቤ ነበር፤ ግን ሌላ ነገር ልጽፍ ስነሳ እጄ እምቢ አለኝ። ይቅርታ አድርግልኝና ተቀምጠህ አንብበው። ገንዳው ዙሪያ የሠራኸው አጥርህ ምርመራውን አላለፈም።

ለገና ፈቃድህ ስትመጣ ቀኑን ሙሉ መዶሻና መጋዝ ስለነበር ነገሩን ግማሽ በግማሽ ነው የነገርኩህ። ታምሲን እስካሁን ግላድስተን ከተማ እነዚያ አሳዳጊዎች ቤት ናት። ሰዎቹ ደግ ናቸው፤ ክፉ አልናገርባቸውም። ግን የልጄ ልጅ ናት፣ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፣ እኔ ደግሞ በሕይወት አለሁ። ከሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የምትመጣው ግሬታ አልጋውን አየች፣ ኩሽናውን አየች፣ የመድኃኒት ሣጥኔ ከፍ ብሎ መሰቀሉን አየችና «ሁሉም ጥሩ ነው ወይዘሮ ሜርል፤ የቀረው የገንዳው ደህንነት ምስክር ወረቀት ብቻ ነው» አለችኝ። እስከ ፋሲካ ካላገኘሁት ልጅቷን ቱዉምባ ያሉ ባልና ሚስት ለዘለቄታው ይወስዷታል። ለዘለቄታው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄያት ነበር፤ ያው ለዘለቄታው ማለት ነው አለችኝ።

ከዚያ መርማሪው መጣ፤ ፓስኮ ይባላል። አጥርህን ዞረው፣ ለካው፣ ራሱን ነቀነቀ። አግዳሚዎቹ ልክ አይደሉም አለ። በሩም ልክ አይደለም አለ። «ደግሞ ክፍት ነው ያገኘሁት» አለኝ፣ ክፍት የተውኩት እኔ ይመስል። የቀረው የሚለው ሁሉ አልገባኝም። አንተ ይገባህ እንደሆን ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ስለ ልጄ ስለ ጃነል የጠየቅኸኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ ሜርል


ኩራሊ የከብት እርባታ፣ ፌብሩዋሪ 14

እት ዓለም ሜርል፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ግራ ገባኝ። አላለፈም የተባለው የትኛው አጥር ነው? እኔ የሠራሁት? ያንን አጥር እኮ የበረሃ ኮርማ ተንደርድሮ ቢገጨው የሚጎዳው ኮርማው ነው። ሰውዬሽ ገፍቶ አይቶታል? በትከሻው ደገፍ ብሎ ሞክሮታል? ካልሞከረው ታዲያ ምኑን መረመረው?

አግዳሚዎቹ ልክ አይደሉም ማለት ምን ማለት ነው? አግዳሚ ሁልጊዜ የሚመታው ከብቱ ባለበት በኩል ነው። ከብቱ ሲገፋ አግዳሚው ወደ ምሰሶው ይጠብቃል። በሌላው በኩል ከመታሽው አንድ ሲገፋ ምስማሩ ተነቅሎ ይወድቃል። ይህንን ጢም ያላበቀለ እረኛ ያውቀዋል። እዚህ ከብቷ ማን ናት? ታምሲን ናት። የምትሆነው የት ነው? ጓሮው ውስጥ። ስለዚህ በጓሮው በኩል መታሁት። ዕድሜ ልኬን በረት ስሠራ ኖሬ አንድ ባለክራቫት ሊያስተምረኝ ነው?

በሩ ክፍት ሆኖ ተገኘ ላልሽው፣ አዎ፣ እኔ ነኝ። የመጨረሻው ቀን ልሄድ ስል ክፍት አገኘሁት፤ ክፍት ተውኩት። በር እንዳገኙት ነው የሚተው። የተዘጋውን የከፈተ ሰው ከብት ይበትናል፤ ክፍቱን የዘጋ ደግሞ መንጋውን ከውሃ ከልክሎ ይፈጃል። አባታችን በዚህ ነገር በአለንጋ ገርፎኛል፤ አንቺም አይተሻል። ቤተ መንግሥት ቢሆን ክፍት ያገኘሁትን በር አልዘጋም።

ደግሞ ይህንን ስሚ። እዚህ የሥራ አስኪያጁ ቤት ደጃፍ ላይ ያለው ግድብ ሰው ከነፈረሱ ይውጣል። ሦስት ልጆች ዳሩ ላይ ሲራወጡ ይውላሉ። አጥር የለውም፤ ሕጉም አጥር አይጠይቀውም፣ ለከብት ነውና። ታዲያ ውሃ ሰው ሲዋኝበት ነው ወይስ ጥልቅ ሲሆን ነው አደገኛ የሚሆነው? መልሱን ካገኘሽ ላኪልኝ።

ምክሬ አጭር ነው፤ ገንዳውን አፈር ሙዪውና ተገላገዪ። ስትጽፊልኝ በማውንት አይዛ ፖስታ ቤት በኩል አድርጊው። ይፈጥናል።

ክላሪ


ሮክሃምፕተን፣ ፌብሩዋሪ 26

ውድ ክላሪ፣

ቁጣህን ከነፖስታው ተቀበልኩት። ጽሕፈትህ ዱሮም የዶሮ ጭረት ነው፤ ግማሹን ማንበብ አልቻልኩም። ይልቅ እኔ የገባኝን ልንገርህ።

አቶ ፓስኮን አስጠራሁትና አንተ ያልከኝን ቃል በቃል ነገርኩት። ኮርማውንም ጨምሬ። ሰውዬው ወፍራም ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ነው የሚሄደው። ሳይናደድ ሰማኝና «ወይዘሮ፣ ከብት ይገፋል፣ ልጅ ግን ይንጠላጠላል» አለኝ። ከዚያ አንዱን እግሩን የታችኛው አግዳሚ ላይ አደረገ። ሌላውን መካከለኛው ላይ። ወዲያው አጥርህ አናት ላይ ተቀምጦ ከላይ ወደ ታች ያየኛል! እዚያው እንደተቀመጠ «ገባዎት?» አለኝ። ገባኝ። አንተ መሰላል ነው የሠራህልኝ ክላሪ፣ በጣም ጠንካራ መሰላል።

ስለ በሩም እንዲህ ነው። ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ውጭ መከፈት አለበት፤ ልጅ ብትደገፈው እንዲዘጋ እንጂ እንዳይከፈት። ማንም ሳይነካው ራሱ መመለስ፣ ራሱ መቆለፍ አለበት። መቀርቀሪያው ሕፃን የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሆናል። እንዳገኙት መተው የሚባል ነገር የለም። አባታችን ይህንን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ግን አባታችን ገንዳ አልነበረውም።

አፈር ሙዪው ላልከኝ፣ አፈር የሚያመጣው መኪና በእኔና በጎረቤቴ በኮስታ ቤት መካከል አያልፍም። ውሃውን ባፈስሰውስ ብዬ አቶ ፓስኮን ጠየቅሁት፤ ባዶውም ገንዳ ነው፣ ዝናብ ይሞላዋል አለኝ። ትቼው ለታምሲን ትንሽ የጎማ መንከሪያ ልግዛላት ብል፣ ውሃው ከስንዝር ተኩል ካለፈ እሱም አጥር ይፈልጋል። ኮስታ ደግሞ እንደምታውቀው መላ አያጣም፤ «ዓሣ ጨምሪበትና ኩሬ ነው በዪ» አለኝ። አቶ ፓስኮን በስልክ ጠየቅሁት። «እርስዎ ይዋኙበታል?» አለኝ። ለዳሌዬ፣ አልኩት። «እንግዲያው ዓሣ ያለበት ገንዳ ነው» ብሎ ዘጋው።

ስለ ግድቡ የጠየቅኸውንም ጠየቅሁልህ። «እሱ የእኔ ክፍል አይደለም» አለ። እሱም ግራ እንደገባው ነው የተረዳሁት።

አሁን የእኔን ጥያቄ መልስ። ፖስታህ ላይ ያለው የማውንት አይዛ ማኅተም ነው። የእርባታው ፖስታ ሁልጊዜ በአውሮፕላን ሄዶ በሌላ ከተማ ነበር የሚታተመው። እዚያ ምን ታደርጋለህ?

ጃነል ደህና ናት። ትናንት ደውላለች።

ሜርል


ኩራሊ፣ ማርች 8

እት ዓለም፣

ማውንት አይዛ ለጥርሴ ሄጄ ነው። ተነቀለ፤ አልቋል።

መሰላል ነው ያልሽኝን ሳስብ ሰነበትኩ። ከብት ሲንጠላጠል አይቼ አላውቅም፤ ፍየል አይቻለሁ። ፍየል ናት ብትዪኝ ኖሮ እኮ ሌላ አጥር እሠራ ነበር። ለማንኛውም መላው ቀላል ነው። ኮስታ አግዳሚዎቹን ነቅሎ በገንዳው በኩል ይምታቸው። ጓሮው ውስጥ የቆመች ልጅ ቋሚውን ብቻ ነው የምታየው፤ እግር ማሳረፊያ የላትም። ሥዕሉን ከወረቀቱ ጀርባ ላይ አድርጌልሻለሁ። ቀስቱ ያለበት ገንዳው ነው፤ ቀስት የሌለው ጓሮው። ወይም ተቃራኒው ነው፤ ኮስታ ያውቀዋል።

በሩን ደግሞ እኔ አውቅልሻለሁ። ራሱ የሚዘጋ በር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሰንሰለት በሩ ላይ ታስሪያለሽ፣ በምሰሶው አናት ታሳልፊያለሽ፣ ጫፉ ላይ የማረሻ ብረት ታንጠለጥያለሽ። ብረቱ ወደ ታች ሲጎትት በሩ ይመለሳል። ባለሞላ ማጠፊያ ምናምን የሚሉት የሱቅ ነገር አንድ ክረምት አይቆይም። የእኔ ግን ልጅቷ አድጋ እስክትዳር ይቆያል።

ይህንን ሠርታችሁ ያንን ወፍራም ጥሩት። አናቱ ላይ ከወጣ ጫማዬን እበላለሁ።

ስለ ጃነል «ደህና ናት» ብለሽ ብቻ ለምን ታልፊያለሽ? ደህና የሆነች ሴት ልጇ ሰው ቤት ታድራለች?

ክላሪ


ሮክሃምፕተን፣ ማርች 19

ክላሪ፣

ውድ አላልኩህም፤ ዛሬ ከአፌ አይወጣም። ነገ ይቅርታ እጠይቅህ ይሆናል።

ኮስታ እንዳልከው አደረገ። አግዳሚዎቹን ገለበጠ፤ እነሱ አልፈዋል። የማረሻ ብረትህንም ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አምጥቶ ሰቀለው። በሩ በእርግጥ ይዘጋል። እንዲያውም የኮስታን ተረከዝ ሊቆርጠው ነበር። እኔም «ይኸው፣ ወንድሜ» እያልኩ ኮራሁ። አቶ ፓስኮ መጣ፣ ተመለከተ፣ ከዚያ ያንን የተንጠለጠለ ብረት ረገጠ። በአንድ እግሩ። ብረቱ በጓሮው በኩል ነው የተሰቀለው፤ ሌላው እግሩ አጥሩን ተሻገረ። «ይቅርታዎን ወይዘሮ፣ ይህንን ማን ነው የሚነግርዎት?» አለኝ። ሳላስበው «ወንድሜ ነው፣ ብልህ ነው» አልኩት።

ብልህ መሆንህን ተውልኝ ክላሪ! እባክህ ተውልኝ። አንተ እዚያ ሆነህ ከሕጉ ጋር ትሟገታለህ፤ እዚህ የምትጠፋው ልጅቷ ናት። ሕጉ ልክ ይሁን አይሁን ግድ የለኝም። ግድቡ ለምን አጥር እንደሌለው ግድ የለኝም። ለእኔ ይህ ሁሉ ቁጥርና ስንዝር እስካሁን አልገባኝም፤ አይግባኝ። የሚያልፈውን በር ብቻ ነው የምፈልገው።

ቅዳሜ ግላድስተን ሄጄ ነበር። ኬክ ጋግሬ ይዤ ሄድኩ፣ ያንን ኮኮናት የምነሰንስበትን። ታምሲን በሴትዮዋ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። ሴትዮዋ «አያትሽ ናት እኮ» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «የምን አያት?» አለች። በክፋት አይደለም፤ የማታውቀውን ነው የጠየቀችው። ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሽንት ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ስለ ጃነል እውነቱን ውሰደው። ብሪስበን ነው ያለችው፣ መጠጥና ያንን ሌላውን ሱስ የሚያስተው ማገገሚያ ቤት። በራሷ እግር ነው የገባችው። ስትደውል የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እማዬ፣ ታምሲን አንቺ ጋ መጣች?» እኔም «በዚህ ሳምንት» እላታለሁ። ያልነገርኩህ አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ስጽፈው እውነት የሚሆንብኝ እየመሰለኝ ነው።

ፋሲካ ደርሷል። ግሬታ ከእንግዲህ አንድ ምርመራ ብቻ ነው የቀረሽ ብላኛለች።

ሜርል


ማውንት አይዛ፣ ማርች 27

እት ዓለም ሜርል፣

ይቅርታ። ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ካርቶን ይደርስሻል። የበር ማጠፊያና መቀርቀሪያ ነው፤ ለገንዳ በር ተብሎ የተሠራ፣ ከሱቅ የተገዛ። የሻጩ ልጅ ሕጉ የሚፈቅደው ይሄ ነው አለችኝ። ካርቶኑን አልከፈትኩትም። ብከፍተው አሻሽለው ነበር። ለኮስታ ስጪውና ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ይግጠመው፤ እኔ የምለውን ምንም አይስማ።

አሁን ያንቺን ጥያቄ ልመልስ። ጥርሴን አልተነቀልኩም። ኩራሊም የለሁም። ከገና ስመለስ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ «ክላሪ፣ መንጋውን በሄሊኮፕተር ነው የምንሰበስበው፤ ጉልበትህም አርፎ አያውቅም፤ ቢበቃህስ?» አለኝ። ሻይ ጠጥተን፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን፣ ጓዜን ጫንኩ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ከአንድ መጠጥ ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይቻለሁ። ግድቡን የነገርኩሽ አምና ያየሁትን ነው። ደብዳቤው አናት ላይ ኩራሊ ብዬ ስጽፍ እጄ ልማድ ሆኖበት ነው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አውቄ ነው።

ያልነገርኩሽ፣ ያለሽ ትርፍ ክፍል አንድ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። አንቺ ደግሞ ከሰማሽ አልጋውን ለእኔ ታነጥፊያለሽ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲህ ነሽ። እዚያ ክፍል የሚገባው ሰው ታውቋል። ስለዚህ ለዚህኛው መልስ አትጻፊልኝ። አጥሩን ብቻ ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ደጋግሜ አስቤዋለሁና። ሰውዬው ልክ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እንዳይወጣ ነው እንጂ እንዳይገባ አይደለም። እዚያ ጓሮ ስቆም ዓይኔ ያየው በረት ነው፤ ልጅ አላየም። ልጅ ኖሮኝ አያውቅምና ከየት ላምጣው?

ክላሪ


ሮክሃምፕተን፣ ኤፕሪል 21

ውድ ወንድሜ፣

አለፈ!

ኮስታ ካርቶንህን ከፍቶ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ገጠመው፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ጮክ ብላ እያነበበችለት፣ እሱ ደግሞ «አውቄዋለሁ፣ አውቄዋለሁ» እያለ። አቶ ፓስኮ መጣና በሩን ከፍቶ ለቀቀው፤ ተመልሶ ቆለፈ። ትንሽ ከፍቶ ለቀቀው፤ ቆለፈ። እግሩን የሚያሳርፍበት ፈልጎ አጣ። ሕይወት ስለ ማዳን የሚናገረውን ሰሌዳ መስቀሌንም አየ። ከዚያ ፈረመልኝ። ሆዱን አልፌ ላቅፈው ሞከርኩ፤ እጄ አልደረሰም።

ታምሲን ከስቅለት በፊት ባለው ቀን መጣች። ግሬታ ናት ያመጣቻት፣ ከአንዲት የጨርቅ ጥንቸልና ከአንድ ትንሽ ሻንጣ ጋር። የመጀመሪያውን ቀን አላናገረችኝም። በሁለተኛው ቀን ኮኮናቱን ከኬኩ ላይ እየለቀመች ከበላች በኋላ «ሌላ አለ?» አለችኝ። ለጃነል ደውዬ ስልኩን ልጅቷ ጆሮ ላይ አደረግሁላት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ጃነል ግን በኋላ ስታናግረኝ ድምፅዋ ዱሮ የማውቀው ድምፅዋ ነበር።

ለዚህኛው መልስ አትጻፊ ብለሃል። መቼ ሰምቼህ አውቃለሁ? ግን መጀመሪያ የሆነውን ስማ።

ትናንት ጠዋት ዳሌዬ አላስቆም ሲለኝ ልዋኝ ብዬ ወደ ገንዳው ሄድኩ፤ ለታምሲንም ክንዷ ላይ የሚነፋውን መንሳፈፊያ አድርጌላት። መቀርቀሪያውን ለመክፈት ጫፉን ወደ ላይ መሳብ ነው። እጄን ዘረጋሁ። ትከሻዬ እምቢ አለ። በግራዬ ሞከርኩ፤ ብሶ ተገኘ። በእግር ጣቴ ቆምኩ፤ ዳሌዬ ጮኸ። እስከዛሬ ኮስታ ነበር የሚከፍትልኝ፤ አላስተዋልኩትም። ኮስታ ደግሞ ለፋሲካ ሲድኒ ልጁ ጋ ሄዷል። በርጩማ ላምጣ ብል አቶ ፓስኮ ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ። እግር ማሳረፊያ! ከስንት መከራ በኋላ በገዛ እጄ አጥሩ ሥር በርጩማ ላስቀምጥ?

እናም ሁለታችንም የዋና ልብሳችንን ለብሰን ቋሚዎቹን ይዘን ውሃውን እናየው ጀመር። ታምሲን መቀርቀሪያውን አየች፤ እኔን አየች፤ አሰበች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ፣ በራሷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አያቴ፣» አለችኝ ቀስ ብላ፣ እንዳላፍር ብላ ይመስለኛል፣ «አንቺም ገና አላደግሽም?»

ሳቄ ነው ልቅሶዬ ነው የቀደመው፣ አላውቅም። አያቴ አለችኝ እኮ።

ከፊት ያለው በረንዳ ግድግዳ አለው፤ መስኮት አለው፤ አልጋ ይዘረጋበታል። የማንንም ክፍል አይወስድም። ግሬታንም ጠይቄያታለሁ። አንድ አዋቂ ቤቱ ውስጥ ሲጨመር ስለ እሱ ማጣራት አለባቸው፤ ከከብት ጋር ብቻ የኖረ ሰው ነው፣ የሚገኝበት ነገር የለም አልኳት። ሳቀችና ስምህን መዘገበች።

ለታምሲን ደግሞ ነግሬያታለሁ፤ ወንድም አለኝ፣ ረጅም ነው፣ እሱ ይከፍትልናል ብያት። ከዚያ ወዲህ የዋና ልብሷን አታወልቅም። ማታ ከፒጃማዋ ሥር ለብሳው ነው የተኛችው። «መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች። ለእናቷ ስንት ጊዜ «በዚህ ሳምንት» እያልኩ ዋሽቻለሁ፤ ለእሷ አልዋሽም።

አንተው መልስላት።

እህትህ ሜርል